መልስ

በወሩ አሥራ ሁለት፣ መንገዱ ሲፈቅድ፣
ቢጫዋን መኪና አስነስቼ ስሄድ፣
ጭቃው እስከ ጎማ፣ ውርጩ እስከ መስታወት፣
የሽማግሌ ጡረታ በጨርቅ ከረጢት፣
ደረቴ ላይ ብረት፣ ጭኔ ላይ ዝርዝር፤
አርባ አንድ ስም ነበር ከነቤቱ ቁጥር።

ፖስተኛ ነኝ እኔ፤ ኔዮኒላ ነው ስሜ።
ሃያ ሦስት ዓመት በዚህ መንገድ ከርሜ
ውሾቹን በድምፃቸው፣ ሰዎቹን በሳላቸው
ለይቼ አውቃለሁ ሳይወጡ ከደጃቸው።

ፓናስ፣ ባለትራክተር፣ አውራ ጣት የሌለው፣
በግራ እጁ ይፈርማል፤ ፊርማው ዶሮ የጫረው።
ሞትሪያና ሃፊያ እህትማማች ሳሉ
በአንድ አጥር ተኳርፈው ዘጠኝ ዓመት ዝም ያሉ፤
«መጀመሪያ ለኔ!» እያሉ ደጅ የሚውሉ።
ክላቭዲያ ደግሞ፣ የእርሻው ሒሳብ ሹም፣
ሦስት ጊዜ ሳትቆጥር ከኪሷ አትከትም።
ባለፈው ወር ታዲያ ሳንቲም አጥሮኝ ዋለ፤
ሰባት ሂሪቭኒያ ከሒሳቧ ጎደለ።
«መልሴስ?» አለችኝ። «በሚመጣው ወር» አልኳት።
መነጽሯን ሰክታ፣ በወረቀት ጽፋ «ሰባት»፣
ከምድጃው በላይ በሚስማር ሰቀለቻት።

ከዚያ ሬዲዮው አለ፤
ድምፁ ያማረ ሰው፣ ቃል የማያደናቅፈው፦
«መልሶ ማጥቃቱ ሌሊቱን ተጀምሯል።
ስድስት ኪሎሜትር ጦራችን ገፍቷል።»
እውነቱን ልናገር፤ ያን ለት ደስ ብሎኛል።
ጓዳ ውስጥ ብቻዬን እጄ አጨብጭቧል።
ድል ምን እንደሚሸት ጆሮ ከየት ያውቃል?

ስድስት ኪሎሜትር! በካርታው ላይ ጥፍር፤
በእኔ መኪና ግን ከፖም ዛፉ ሥር
እስከ ወፍጮው ድረስ
አርባ አንድ በር ነበር።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ፣ ፈንጂው ተለቃቅሞ፣
ጠባብ መንገድ ቀርቶ በቀይ ጨርቅ ታትሞ፣
ገባሁ።
ውሻ አልጮኸም።
ማንም አልሳለም።

የሞትሪያ ቤት የለም፤ የሃፊያም የለ፤
አጥሩ ግን ቀለሙ ሳይለቅ እንደ ቆመ አለ።
ዘጠኝ ዓመት ዝም ብለው፣ አንድ ምድር ቤት ወርደው፣
በቲማቲም ጠርሙስ፣ በድንች መሃል ሆነው፣
አንድ ብርድ ልብስ ነው ሁለቱን የሸፈነው።
ወታደሩ ነገረኝ፣ ዓይኑን መሬት ጥሎ፣
ልጅ ነው፤ «ስንቀብር አልነጣጠልናቸውም» ብሎ።

ፓናስስ? ላሚቱን ሊፈታ ማለዳ ላይ ወጣ።
ከየትኛው ወገን፣ አልታወቀም፤ መጣ።

«ግንባር ተመታ» ሲሉ ሰምቻለሁ እኔ፤
የማን ግንባር እንደሁ አልጠየቅሁም ያኔ።

ኡስቲና ገንዘቧን ሳትቆጥር መለሰች፤
«ለመስኮቴ መስታወት ግዢልኝ» እያለች።
ቤቷን ዞሬ አየሁት፤ የቆመ ግድግዳ የለም።
«ስፋቱስ?» አልኳት እንጂ ሌላ አልወጣኝም።
ክንዶቿን ዘረጋች፤
በባዶው አየር ላይ ልኩን አሳየች።

አሥራ አንድ ሰው ፈረመ በሚንቀጠቀጥ እጅ፤
የቀረው መስመር ነጭ ነው፣ እንደ በረዶ ደጅ።

ያልተከፈለ ገንዘብ ቅጽ አለው። «ምክንያት» ይላል፤
ከሥሩ ሦስት ሳጥን፤ አንዱ ይመረጣል፦
አድራሻ ለውጧል። አልቀበል ብሏል። ሞቷል።
ክላቭዲያ የትኛው ናት?
ማንም አላገኛት።
ግድግዳው በግማሹ ከነምድጃው ቆሞ፣
ሚስማሩ በቦታው፣ ወረቀቷም ደግሞ፤
ሰባት።

እነሱ መልሰው አጠቁ፤ ሬዲዮው መሰከረ።
የእኔ መልስ ግን ይኸው፣ ጓንቴ ውስጥ ቀረ።

ከሦስቱ ሳጥኖች አንዱንም አልነካሁ፤
ከግርጌው፣ ባዶው ላይ፣ በእጄ ጽፌ ወጣሁ፦
«መልስ ይቀራታል።»
ቀለሙ በብርድ ደርቆ አልታይ ብሎ ነበር፤
ሁለቴ ደገምኩበት።